ከጋን ሽሙኤል ቀፎ እስከ ሺኩን ቤት፦ የአርክቴክት አሪዬ ሻሮን ታሪክ

 

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት አሮጊት እናት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የሚኖሩት እዚሁ ሐዴራ፣ አሳንሰር በሌለው አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት የሚወጡት በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሰንበት ጸሎት ብቻ ነው። ቡና እያፈሉ ሳሉ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ቤት የሠራው ሰው እናት አልነበረውም ወይ?» አሉኝ።

ሳቅን። መልስ ግን አልነበረኝም። እኔ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ማሽካንታ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ቫአድ ባይት ክፍያ ከብዙ ቤተሰብ ጋር እነጋገራለሁ። የምንኖርበትን ቤት ማን እንዳሰበው፣ ለማን ብሎ እንዳሰበው ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ስለዚህ መጻሕፍት አገላበጥኩ። ዛሬ ያገኘሁትን አጫውታችኋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የአንድ አርክቴክት፣ ማለት የአንድ የሕንፃ ንድፍ አውጪ ታሪክ ነው። ስማቸው አሪዬ ሻሮን ይባላል። ጠቅላይ ሚኒስትር ከነበሩት ከአሪኤል ሻሮን ጋር እንዳታምታቷቸው። እኒህኛው ሻሮን በወጣትነታቸው ከከተማችን አጠገብ፣ በጋን ሽሙኤል፣ ንብ ያነቡ ነበር።

ከሰፈራችን እንነሣ። ሐዴራ የተቆረቆረችው በ1891 ነው። ስሟ አረንጓዴነትን ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ያ አረንጓዴ ግን ረግረግ ነበር፤ ረግረጉም ወባ አመጣ። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ከ200 በላይ ሰፋሪዎች አልቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች የተጠለሉት ኻን በሚባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ተጨናንቀው ነበር። ኻኑ ዛሬ የከተማይቱ ታሪክ ቤተ መዘክር ስለሆነ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብታዩት መልካም ነው። ረግረጉን ለማድረቅ ቦይ ተቆፈረ፤ እኛ ባሕር ዛፍ የምንለውም ዛፍ በብዛት ተተከለ። ባሕር ዛፍ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሆኗል። እዚህ ግን የተፈለገው ውኃውን መጥጦ መሬቱን እንዲያደርቅ ነው።

ይህን የምነግራችሁ አንድ ነገር እንድታስታውሱ ነው። እነዚያም እንደ እናንተ ቤት አጥተው የተቸገሩ ስደተኞች ነበሩ። የተሠራ ቤት አልጠበቃቸውም።

ከሐዴራ ጥቂት አለፍ ብሎ የሚገኘው ጋን ሽሙኤል ትርጓሜው «የሽሙኤል አትክልት ቦታ» ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ከራቢ ሽሙኤል ሞሂሌቨር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የተተከለበት ለሱኮት በዓል የሚሆን ኤትሮግ፣ ማለት ትርንጎ ነበር። በኋላ ወጣት ሠራተኞች ሰፈሩበትና ኪቡጽ ሆነ።

አሪዬ ሻሮን የተወለዱት በ1900፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው በያሮስላቭ ከተማ ነው። የልደት ስማቸው ሉድቪግ ኩርትስማን ነበር። በ1920፣ በሃያ ዓመታቸው፣ ከሐሾሜር ሐጻዒር የወጣቶች ማኅበር ጋር ወደዚህ አገር መጡ። ስማቸውን ወደ ዕብራይስጥ ለወጡ፤ ብዙዎቻችሁም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ የደረሰባችሁ ነገር ስለሆነ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከዚያም ከጓደኞቻቸው ጋር ጋን ሽሙኤል ገቡ።

በኪቡጹ ንብ አናቢ ሆኑ። ንብ ማነብ ለእኛ እንግዳ ሥራ አይደለም። አባቶቻችን ቀፎ ሲሰቅሉ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ፣ ውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ ያዩ ነበር። ቀፎ ያለ ቦታው ከተሰቀለ ንቡ አይገባም፤ ቢገባም ጥሎ ይሄዳል። ሻሮን ንቡን እያነቡ ጎን ለጎን የኪቡጹን ቀላል ቤቶች፣ የከብት በረትና መጋዘን መሥራት ጀመሩ። በትምህርት ቤት የተማሩት የሕንፃ ጥበብ ገና አልነበረም። በእጃቸው እየሠሩ ወደዱት፤ ልማርም አሉ።

በ1926 ከኪቡጹ ፈቃድ ተቀብለው ወደ ጀርመን ሄዱ። በዴሳው ከተማ ባውሃውስ የሚባል የጥበብና የሕንፃ ትምህርት ቤት ነበር፤ በዚያን ጊዜ የሚመራው ዋልተር ግሮፒየስ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ጌጥ ይቅር፤ ቤትም ሆነ ወንበር ለሚሠራበት ሥራ ይመች፤ ጥሩ ነገር ደግሞ ለሀብታም ብቻ አይሁን። ከግሮፒየስ በኋላ ዳይሬክተር የሆነው ሐነስ ማየር ከዚህም አልፎ ሄደ። ንድፍ ከመውጣቱ በፊት የሚኖርበት ሰው ይጠና ይል ነበር። ሰውየው ስንት ሰዓት ይነሣል? ፀሐይ በየትኛው መስኮት ትገባለታለች? ከጎረቤቱ ጋር የት ይገናኛል? ልጆቹ የት ይጫወታሉ? ተማሪዎቹ ይህን እየጠየቁ ይማሩ ነበር።

ሻሮን በ1929 ትምህርታቸውን ጨርሰው በማየር የበርሊን ቢሮ ሠሩ፤ በርናው በሚባል ቦታ ለሠራተኛ ማኅበራት ትምህርት ቤት ሲታነጽም ከሥራው መካከል ነበሩ። በዚያው ዓመት የባውሃውስን የሽመና ክፍል ትመራ ከነበረችው ከጉንታ ሽቶልትስል ጋር ተጋብተው ሴት ልጅ ወለዱ። ነገር ግን በጀርመን ዘመኑ እየከፋ ሄደ። እርስዋ ወደ ስዊዘርላንድ ስትሄድ፣ እርሳቸው በ1931 ወደዚህ አገር ተመለሱ። ባውሃውስም በናዚዎች ግፊት በ1933 ተዘጋ።

ወደ ቴል አቪቭ ሄዳችሁ ፍሪሽማንና ፍሩግ በሚባሉት መንገዶች ብታልፉ የሻሮንን እጅ ታገኛላችሁ። በ1930ዎቹ አጋማሽ እዚያ የሠራተኞች መኖሪያ፣ በዕብራይስጥ መዖኖት ኦቭዲም የሚባሉት ቤቶች ተሠሩ። ሠራተኞቹ ለየብቻ ቤት ለመሥራት አቅም ስላልነበራቸው ማኅበር አቋቁመው ገንዘባቸውን አጣመሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የሚባለው? ሻሮን ሕንፃዎቹን በየቦታው ነጣጥለው አላቆሟቸውም። በአንድ ትልቅ የጋራ አትክልት ቦታ ዙሪያ አደረጓቸው። መዋዕለ ሕፃናት፣ ልብስ ማጠቢያና ሱቅ አብረው ታሰቡ። እናት ከመስኮት ሆና ልጇን ታያለች፤ ልጁም መንገድ ሳያቋርጥ ይጫወታል።

ያገር ቤትን ሰፈር ያስታወሳችሁ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም። ያገር ቤት መንደርም እንዲሁ በደቦ የሚሠራ፣ ሁሉም የሚተያይበት፣ ውኃውና የጸሎት ቤቱ አስቀድመው የሚታሰቡበት ነበር። የቤተ እስራኤል መንደር ወንዝ ዳር የሚሆነው ለመንጻት ውኃ ስለሚያስፈልግ እንደነበረ ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል። ይህ ሁሉ ንድፍ ነው። በወረቀት ላይ አልሰፈረም እንጂ ሰው አስቦበታል።

ከዚያ ዘመን የወረሰናቸው ብዙ ነገሮች አሉ። በብዙ አሮጌ ሕንፃ ከሥር ባዶ ሆኖ በዓምዶች ላይ የቆመውን ስፍራ አይታችኋል። በቴል አቪቭ በመጀመሪያ እንዲህ የተሠራው በ1933 ዜቭ ረኽተር በሚባል አርክቴክት ነው። ነፋስ ከሥር እንዲያልፍ፣ ልጆችም ከፀሐይ ተጠልለው እንዲጫወቱ ተብሎ ነው። በረንዳው፣ ማለት ሚርፔሴቱ፣ ከባሕር የሚመጣውን የከሰዓት በኋላ ነፋስ ይቀበላል። የአውሮፓውን ትልቅ መስኮት እዚህ ማሳነስና በጥላ መከለል አስፈለገ፤ የዚህ አገር ፀሐይ የጀርመን ፀሐይ አይደለችምና። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ «ነጩ ከተማ» የሚባለውን ይህን የቴል አቪቭ ክፍል በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያማረ ነው። አሁን ወደሚከብደው እንለፍ።

በ1948 መንግሥት ሲቋቋም በአገሩ የነበረው ሕዝብ ወደ 800,000 ገደማ ነበር። በሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 700,000 የሚጠጉ ስደተኞች ገቡ። ከአውሮፓ እልቂት የተረፉ፣ ከየመን፣ ከኢራቅ፣ ከሞሮኮ፣ ከሮማንያ የመጡ ነበሩ። በ1951 ከ200,000 የሚበልጥ ሰው በማዕባራ፣ ማለት በድንኳንና በቆርቆሮ መጠለያ ሰፈር ይኖር ነበር። ዝናብ ሲመጣ ድንኳኑ በጭቃ ላይ ይወድቃል። መርካዝ ክሊታ የሚባል ነገር ገና አልነበረም።

በዚያን ጊዜ መንግሥት የፕላን መሥሪያ ቤት አቋቋመና አሪዬ ሻሮንን ኃላፊ አደረጋቸው። ንብ አናቢ የነበሩት ሰው የመላ አገሩን ካርታ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉ። ከብዙ ባለሙያዎች ጋር ሠርተው በ1951 ያወጡት ጥናት እስከ ዛሬ «የሻሮን ፕላን» ይባላል። ፕላኑ ለ2,650,000 ሕዝብ የታሰበ ነበር። አገሩን በ24 ወረዳዎች ከፈለ። ሕዝቡ ሁሉ በቴል አቪቭና በሐይፋ ዙሪያ ከሚታጨቅ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሰራጭ አለ። መንገድ፣ ውኃ፣ ፋብሪካ፣ የአትክልትና የደን ቦታ ሁሉ ተመደበ። ወደ 30 የሚጠጉ አዳዲስ ከተሞች በዚህ ሐሳብ ተቆረቆሩ ወይም ሰፉ። ቂርያት ሽሞና፣ ቤት ሸአን፣ ቂርያት ጋት፣ ዲሞና፣ አሽዶድ፣ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዘመዶቻችሁ በአንዱ ይኖሩ ይሆናል። ኪራይ የሚሰበስበው አሚዳር ድርጅትም የተቋቋመው በዚያው ዘመን፣ በ1949 ነው።

ሥራው ትልቅ ነበር። ብዙ ሕዝብ ከድንኳን ወጥቶ ግድግዳና ጣራ አገኘ። ይህን ማቃለል ተገቢ አይሆንም። ግን ስሕተት ነበረበት፤ ስሕተቱም እስከ እኛ ድረስ ደርሷል።

አንደኛው ስሕተት የቴል አቪቭን የሠራተኞች ቤት ከመሥራት ሲለይ ይታያል። እዚያ ኗሪው የማኅበሩ አባል ነበር፤ ሐሳቡን ይናገራል። እዚህ ግን ኗሪው ገና በመርከብ ላይ ነበር። በተለይ ከ1954 በኋላ «ከመርከብ ወደ መንደር» በሚባለው አሠራር ብዙ ቤተሰብ ከወደብ በቀጥታ በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ። ከመኪናው ሲወርድ ራሱን ምድረ በዳ ውስጥ ያገኘ፣ አልወርድም ብሎ ያለቀሰ ብዙ ነው። ሥራ በቅርቡ አልነበረም፤ መኪናም እንዲሁ።

ሁለተኛው የቤቱ ጥበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሺኩን ቤቶች ከ30 ካሬ ሜትር ብዙ የማይበልጡ ነበሩ። እነዚህን ትንንሽ ቤቶች ይሠራ የነበረው ሌላ የመንግሥት ክፍል ነው፤ ሻሮን በእጃቸው የነደፏቸው አይደሉም። ሆኖም ስምንት ልጆች ላሉት የሞሮኮ ወይም የየመን ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው የአየሩ ነገር ነው። ለአውሮፓ የሚመች ሰፊ የሣር ሜዳ በቤቶች መካከል ተብሎ በቤር ሸባዕ ሰፈሮች ተሞከረ። ውኃ በሌለበት በረሃ ሜዳው አቧራ ሆነ። ሰውም ወደ ሱቅና ወደ ትምህርት ቤት ለመድረስ በጠራራ ፀሐይ ይሄድ ነበር። በኋላ የመጡ ንድፍ አውጪዎች ይህን አይተው ቤቶቹን ማቀራረብና ጥላ መፍጠር ጀመሩ።

ሻሮን በ1953 ከመንግሥት ሥራ ለቀው ወደ ራሳቸው ቢሮ ተመለሱ። ከባልደረባቸው ከቢንያሚን ኢደልሶን ጋር ብዙ ሆስፒታሎችንና ሕንፃዎችን ሠሩ። በ1962 የእስራኤልን ሽልማት ተቀበሉ። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ደስ የሚለው ግን በ1960ዎቹ በአፍሪካ የጀመሩት ሥራ ነው። በናይጄሪያ የኢፌ ዩኒቨርሲቲን ነደፉ፤ ልጃቸው ኤልዳር ሻሮንም አብሯቸው ሠራ። ዩኒቨርሲቲው ዛሬ ኦባፌሚ አዎሎዎ ይባላል። እዚያ ያሉት ዋና ሕንፃዎች የላይኛው ፎቅ ከታችኛው እየሰፋ የሚሄድ፣ የተገለበጠ ፒራሚድ የሚመስሉ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የላይኛው ለታችኛው ጃንጥላ ይሆነዋል፤ ከፀሐይም ከከባድ ዝናብም ይጠብቀዋል። ከሥር ክፍት ስለሆነ ነፋስ ያልፋል። በዚህ ሥራ ላይ ንድፉ ከአገሩ ዝናብና ፀሐይ ተነሣ።

ሻሮን ስለ ሕይወታቸው በ1976 ያሳተሙትን መጽሐፍ «ኪቡጽ + ባውሃውስ» ብለው ሰየሙት። ከጋን ሽሙኤል የተማሩትንና ከጀርመን የተማሩትን እኩል ያዩ ነበር ማለት ነው። በ1984 ዐርፈዋል።

ያ ዓመት ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው። በ1984 መጨረሻ የሙሴ ዘመቻ ተጀምሮ ወገኖቻችን ከሱዳን ወደዚህ አገር ገቡ። በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው መጣ። ቤት እንደገና አልበቃም። ብዙው ሰው ሆቴል ተቀመጠ፤ ከዚያም እንደ ሐጽሮት ያሳፍና እንደ ናሐል በቃ ባሉ የቃራቫን ሰፈሮች ለዓመታት ኖረ። በ1993 መንግሥት ለኢትዮጵያ ስደተኞች ልዩ ማሽካንታ ፈቀደ፤ ቤተሰቦችም ከቃራቫን መውጣት ጀመሩ። ነገር ግን ያ ገንዘብ የሚገዛው ቤት ብዙውን ጊዜ የት ነበር? እነዚያው የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ አሮጌ ሺኩኖች ውስጥ። እናም ለሞሮኮና ለሮማንያ ስደተኞች በችኮላ የተሠራው ቤት ለእኛ ደረሰ። ሐዴራም ውስጥ ያለው ታሪክ ከዚህ አይርቅም።

አሁን ለእናቴ ጥያቄ መልስ አለኝ። ቤቱን ያሰቡት ሰዎች እናት ነበራቸው። ነገር ግን ቤቱ ሲታሰብ በልባቸው የነበረው ደረጃ ሮጦ የሚወጣ ወጣት ሠራተኛና ትንሽ ቤተሰቡ ነው። አሳንሰር ውድ ስለነበረ ቀረ። ሰባ ዓመት የሞላቸው የጎንደር እናት አራተኛ ፎቅ እንደሚገቡ ማንም አላሰበም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ታሪኩን የነገርኳችሁ ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ ተራው የእናንተ ስለሆነ ነው። ከመርካዝ ክሊታ ለመውጣት ቤት የምትፈልጉ፣ ዋጋውን ብቻ አትዩ። ማስታወቂያው ላይ «ኪቩኔ አቪር» የሚል ታገኛላችሁ፤ የአየር አቅጣጫ ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ መስኮቶቹ በተለያየ ወገን ናቸው፤ ነፋስ ያልፋል። ቤቱን በቀን ብርሃን፣ ከተቻለም ከሰዓት በኋላ እዩት። ደረጃውን እናታችሁ ይዘዋችሁ ይውጡ። መጠለያ ክፍል፣ ማለት ማማድ፣ አለው ወይስ የለውም ብላችሁ ጠይቁ፤ ከ1990ዎቹ በፊት በተሠሩት ሕንፃዎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የለም።

በአሮጌ ሕንፃ ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ቀን ባለ ፎልደር ሰው በራችሁን አንኳኩቶ ስለ «ፒኑይ ቢኑይ» ሊነግራችሁ ይችላል። አሮጌው ፈርሶ አዲስ ይሠራል፤ ከፈረሰውም አዲስ ቤት ይሰጣችኋል ይላል። ጥሩ ነገር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያው ምሽት አትፈርሙ። በምትረዱት ቋንቋ እንዲገለጽላችሁ ጠይቁ። የነዋሪዎቹ ጠበቃ ማን እንደሆነ፣ እስኪሠራ የት እንደምትኖሩ፣ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል፣ በአዲሱ ሕንፃ የቫአድ ባይት ክፍያ ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ ያሳዩአችሁ። የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ ቅሩ አትበሉ። ዕብራይስጥ አልችልም ብሎ መቅረት ፕላኑን ያለ እናንተ እንዲጨርሱት መፍቀድ ነው። ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፤ ካጣችሁም በየከተማው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ እርዳታ ጠይቁ።

ለልጆቻችሁም ይህን ታሪክ ንገሯቸው። አገር የሚያክል ካርታ የነደፈው ሰው ከእኛ ሰፈር ጥቂት አልፎ በሚገኝ እርሻ ላይ ንብ ያነብ ነበር። ስደተኛ ነበር፤ ስሙም ተለውጦ ነበር። ከልጆቻችን መካከል ነገ ንድፍ የሚያወጣ፣ አያቱ የትኛው ደረጃ እንደከበዳቸው የሚያውቅ አርክቴክት ቢወጣ ምን ይገርማል?

እኒያ እናት አሁን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተነጋግረው የአሳንሰር ጉዳይ ለሕንፃው ስብሰባ እንዲቀርብ ጠይቀዋል። ይሳካ አይሳካ ገና አልታወቀም። በስብሰባው ላይ ግን ከመጀመሪያው ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ያቺን ጥያቄያቸውንም በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት ደገሟት። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ አበው።

እስከሚቀጥለው ንግግራችን ድረስ ደኅና ሁኑ።